መሣሪያ አልይዝም ላለ ሰው ማን ይዋጋለት?

ጥያቄውን ያነሳው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር «ስታር ትሬክ፦ ኢንሰሬክሽን» የሚባለውን የ1998 ፊልም አየን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳንምታታ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።) ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ባኩ የሚባሉ 600 ሰዎች አንዲት ፕላኔት ላይ ይኖራሉ። በእጃቸው ያርሳሉ። መሣሪያ አይዙም። ከኮከብ ኮከብ የሚያደርስ መርከብ መሥራቱን ያውቁበታል፤ ግን አስበውበት ትተውታል። ፕላኔቷን የከበበው ቀለበት የሚሰጠው ጨረር ደግሞ እርጅናን ያስቀራል። ባለሥልጣናቱ ጨረሩን ለቢሊዮኖች መድኃኒት እናድርገው ይሉና ሰዎቹን በድብቅ ከቀያቸው ሊያነሷቸው ያሴራሉ። አንድ ካፒቴን ትእዛዝ ጥሶ፣ ከባልደረቦቹ ጋር መሣሪያ አንግቶ ይከላከልላቸዋል።

ልጄ ዘወር አለና፣ «አባዬ፣ መዋጋት መጥፎ ነው ካሉ፣ ሌላ ሰው ሲተኩስላቸው ለምን ዝም አሉ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ስለዚህ ወደ እናንተ አመጣሁት። በእውነተኛው ዓለምም አሜሪካ ያሉትን አሚሾችን የመሰሉ፣ አንዋጋም የሚሉና ብዙ ዘመናዊ ዕቃ የተዉ ሃይማኖታዊ ማኅበረሰቦች አሉ። እነዚህን ሰዎች መንግሥት ከውትድርናና ከሌላው ግዴታ ነፃ ማድረጉ ልክ ነው ወይ?

ወታደር የነበረው፦

ልክ አይደለም። እኔ በ19 ዓመቴ ብሔራዊ ውትድርና ዘመትኩ። ወድጄ አይደለም። ከጎኔ የሚተኛው ልጅ ማታ ማታ ዳዊት ይደግም ነበር። ዝንብ የማይገድል ልጅ ነበር። አልተመለሰም። «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ያለው ሰው ቤቱ ሲቀር ቦታው ባዶ አይቀርም። ቀበሌው የተጠየቀው ቁጥር አለ። የአንዷ ልጅ ሲቀር የሌላዋ ልጅ ይሄዳል። የአንዱ እጅ ንጹሕ የሚሆነው ሌላው ስለቆሸሸለት ከሆነ፣ እኔ ጽድቅ አልለውም። ባኩዎቹም እንደዚያው ናቸው። ተተኮሰላቸው፣ ዳኑ፣ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ፦

ጋሼ፣ የጓደኛዎን ነፍስ ይማር። ስለ ፊልሙ ያሉትን እቀበላለሁ። ፊልሙ ከባዱን ጥያቄ ዘሎታል። እውነተኞቹ ግን እንዲህ አይደሉም።

እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። አሚሾች በብዛት ከሚኖሩበት ከሆልምስ ካውንቲ ብዙም አልርቅም። በረዶ የጣለ ቀን መኪናዬ እዚያ ቆመብኝ። ስልኬም ዘግቶብኝ ነበር። አንድ ባለ ጢም ገበሬ ከጋሪው ወርዶ፣ መንገድ ዳር ወዳለች ዘብ ቤት የምታክል የእንጨት ክፍል ወሰደኝ። ውስጧ ስልክ አለ። ከስልኩ አጠገብ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ እርሳስ በክር ታስሮበታል። የደወለ ሁሉ ስሙንና ደቂቃውን ይጽፋል፤ ሂሳቡን ጎረቤታሞቹ ይካፈሉታል። «ቤትህ ለምን አታስገባውም?» አልኩት። «ቤት ከገባ እራት ላይ ይጮሃል» አለኝ።

ቴክኖሎጂ ጠል ይባላሉ እንጂ እየመረጡ ነው የሚያስገቡት። በሰው መኪና ከፍሎ መሄድ ይፈቀዳል፤ መኪና መግዛት አይፈቀድም። ብዙ ቦታ የእንጨት ሥራ ማሽኖቻቸው የሚሠሩት ከመስመር በመጣ መብራት ሳይሆን በታመቀ አየር ነው። የሚወስነው እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱ ነው። አንድ አጥቢያ ደግሞ ከ20 እስከ 40 ቤተሰብ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንዱ መንደር የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል። ሲመክሩበት ዋናው ጥያቄያቸው፣ ይህ ዕቃ ከገባ ጎረቤት ከጎረቤት ይራራቃል ወይ የሚል ነው።

ግዴታን በተመለከተ የገቢም የንብረትም ግብር ይከፍላሉ። የማይከፍሉት የማኅበራዊ ዋስትናውን መዋጮ ነው። በ1961 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አንድ የአሚሽ ገበሬ አልከፍልም በማለቱ መንግሥት ሦስት የእርሻ ፈረሶቹን ወስዶ ሸጠበት። ነገሩ ብዙ ሰው አስቆጣ። በ1965 ሕጉ ተሻሻለና የራሳቸው ሥራ ያላቸው አሚሾች ነፃ ወጡ። ልብ በሉ፤ ካልከፈሉ ጡረታውንም አይቀበሉም። ሲታመሙ ምእመኑ አዋጥቶ ያሳክማል። የኛ ዕድር ማለት ነው።

መምህሯ፦

እኔን የአዋቂዎቹ ነገር አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የልጆቹ ነው። የአሚሽ ልጅ ትምህርት የሚያቆመው 8ኛ ክፍል ላይ ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ልጆች እስከ 16 ዓመታቸው እንዲማሩ ሕጉ ያዝ ነበር። 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ያስቀሩ ሦስት አባቶች እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጡ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1972 አባቶቹ ረቱ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ዊሊያም ዳግላስ፣ በከፊል ተለይተው ያሰፈሩት ሐሳብ ነው እኔን የሚገዛኝ፦ ልጆቹ ራሳቸው ይጠየቁ፤ ልጁ የፒያኖ ተጫዋች ወይም የጠፈር ተመራማሪ መሆን ይፈልግ ይሆናል።

ያንን ፊልም እኔም አይቼዋለሁ። ባኩዎቹን ከመሬታቸው ሊነቅሏቸው የመጡት ሶናዎች ማን ሆነው ተገኙ? የራሳቸው ልጆች! ከመቶ ዓመት በፊት እንደ ውጭው ዓለም እንኑር ብለው ሥልጣን ሊቀሙ የሞከሩ፣ ሲሸነፉ ደግሞ የተባረሩ። ሁሉም ሰው ስለ መሬቱ ያወራል። እኔ ያለቀስኩት ግን እዚያ ላይ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ጥይት ሳይተኩስ ልጁን ሊጎዳ ይችላል።

ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ፦

እህቴ፣ ያነሳሽው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አሚሾች ሕፃን አያጠምቁም። ልጁ አድጎ፣ ወዶ ነው የሚጠመቀው። ሳይጠመቅ ቢሄድ አይወገዝም፤ ቤተሰቡ ጋር ገብቶ ይወጣል። የሚወገዘው ቃል ገብቶ የከዳው ነው። እና አብዛኞቹ ይቀራሉ።

መምህሯ፦

8ኛ ክፍል ላይ ካቆመ ወዴት ይሂድ ወንድሜ? ምርጫ ማለት የሚሄዱበት ሲኖር ነው።

ከአዳማ፦

እኔ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። ሜኖናይት ከሚባሉት፣ ጦርነትን ከሚቃወሙት ክርስቲያኖች ነን፤ አሚሾችም በ1693 ከዚያው ግንድ የተለዩ ናቸው። እኛ ማይክም ኪቦርድም ስለምንጠቀም በቴክኖሎጂው አልከራከርም። ስለ ሰላሙ ግን የማውቀው አለኝ። በ1982 ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ዘጋ። ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቹን አሰረ። አባላቱ ያኔ 5,000 ያህል ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰቡ ጀመር። እናቴ እንደምትነግረኝ፣ የገባው ሁሉ ጫማውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ በር ላይ ጫማ በዝቶ ሰው እንዳይጠረጥር። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ማንም ጠመንጃ አላነሳም። በ1991 በሩ ሲከፈት 34,000 ያህል ሆነው ወጡ። ሌላ ሰው ተዋጋላችሁ የሚለኝ ካለ፣ እናቴ የከፈለችውንም ይቁጠርልኝ።

ወታደር የነበረው፦

እናትሽን አከብራለሁ ልጄ። ግን 1991 በሩን የከፈተው ማን ነው? ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ወደድንም ጠላንም እውነቱ ይኼ ነው። ደግሞ ግብርና ጡረታ ሌላ ነገር ነው። እኔ ያነሳሁት ደም ነው።

ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ፦

እሺ ጋሼ፣ ስለ ደም እናውራ።

በ1918 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ አራት ወጣቶች ለጦርነት ተጠሩ። ሁተራይት የሚባሉ፣ እንደ አሚሾቹ አንዋጋም የሚሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። መለዮ አንለብስም አሉ። መጀመሪያ አልካትራዝ ጨለማ ቤት፣ ከዚያ ሌቨንወርዝ እስር ቤት ተወሰዱ። ጦርነቱ ኅዳር ላይ አበቃ። በሳምንታት ውስጥ ከአራቱ ሁለቱ ወንድማማቾች እስር ቤት ሞቱ። የአንዱ ሚስት አስከሬኑን ለማየት ሳጥኑ ሲከፈትላት፣ በሕይወቱ አልለብሰውም ያለውን የወታደር ልብስ አልብሰውት አገኘችው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ውስጥ አንዋጋም ያሉ ወደ 12,000 የሚሆኑ ሰዎች በውትድርና ምትክ ሌላ አገልግሎት ሰጡ። የደን እሳት አጠፉ፤ የአእምሮ ሕሙማንን አስታመሙ። 36ቱ ደግሞ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመራብ ፈቀዱ። አውሮፓ ውስጥ የተራበውን ሕዝብ እንዴት አድርጎ መመገብ እንደሚሻል ይጠና ነበርና። ለ6 ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ተቀነሰ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ።

በ2006 ደግሞ ኒክል ማይንስ በምትባል የፔንሲልቬኒያ መንደር አንድ ሰው የአሚሽ ትምህርት ቤት ገብቶ አምስት ልጃገረዶች ገደለ፤ ራሱንም አጠፋ። አሚሾቹ የገዳዩን ሚስት ሊያጽናኑ ቤቷ ሄዱ። ቀብሩ ላይም ቆሙ። እኔ ልጆች አሉኝ። ይህን ማድረግ አልችልም። ግን በሰው ደም ንጹሕ ሆነው ተቀመጡ ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። የራሳቸውን ሰጥተዋል።

ጥያቄውን ያነሳው፦

የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር ለልጄ አነበብኩለት። «እነዚህ ከባኩዎቹ ይበልጣሉ» አለ። እኔም እንደዚያው ነው የማስበው። የራሱን ዋጋ የሚከፍል ሰው ነፃ ቢወጣ አይከፋኝም። በመምህሯ ጥያቄ ላይ ግን ገና ነኝ።

ወታደር የነበረው፦

አንብቤዋለሁ። ሳጥኑ ላይ ቆም አልኩ። በነዚያ ልጆች ላይ የምናገረው የለኝም፤ ፈሪዎች አይደሉም። እንደነሱ የሚራብ፣ እንደነሱ የሚታሰር ካለ፣ ነፃ ይውጣ በሉት፣ አልቃወምም። የኮታውን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። እነሱ የቀሩበት ቦታ ላይ ማን ገባ?

ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ፦

አንድ ሌላ ልጅ ነው የገባው፣ ጋሼ። ለሱ የምመልሰው የለኝም። የጓደኛዎን ስም ቢነግሩን ደስ ይለኛል።