ፓዮነር ኤስኤክስ-780 እና ቴክኒክስ 1200 ማርክ 2 ሁለቱን በ1,000 ዶላር ተባልኩ፤ ግራው ድምፅ ይጠፋል። ልግዛ ወይስ ልተው?

ሸክላ_ስልቨር (ጠያቂ)፦
ሰዎች ቶሎ ድረሱልኝ። ሜሪላንድ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ያገለገለ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ጋ ነኝ። ፓዮነር ኤስኤክስ-780 ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ላይ) 450፣ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ሸክላ ማጫወቻ 650 ነው የሚለው፤ ሁለቱንም ከወሰድክ በ1,000 ልስጥህ አለኝ። 100 ዶላር ቀብድ ሰጥቻለሁ። ማታ 12 ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፤ እስከዚያ ካልጨረስኩ ቀብዱ አይመለስም። አሁን ስንሞክረው የፓዮነሩ ግራ ድምፅ ቮልዩም ዝቅ ሲል ይጠፋል፣ ከፍ ሲል ይመለሳል። ሰውየው «አቧራ ነው» ብሎ አለፈው። ዋጋው ትክክል ነው ወይስ እየተበላሁ ነው?

አቶ_ኖብ፦
ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ንፋበት፣ ይለቃል። ከመብራት ከነቀልከው በኋላ በቮልዩሙ እግሮች በኩል ባለችው ቀዳዳ ትንሽ ነፍተህ ቁልፉን 30 ጊዜ ያህል ከዳር እስከ ዳር አዙረው። ደብሊውዲ-40 (የዝገት ማላቀቂያውን ስፕሬይ) እንዳታስነካው፤ ቅባቱ ውስጥ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል።

ጋሽ_ትራንዚስተር፦
ወንድሜ፣ ዋጋው ትክክል መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ከምን ጋር እንደምታነጻጽረው እንወቅ። ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው፤ ዕቃው በዚያ ዋጋ ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ሊቀመጥ ይችላል። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ክፈትና ሰው በእርግጥ የከፈለበትን ተመልከት። ከዚያ ዕቃዎቹን በሦስት ለያቸው፦ ያልተሞከረ፣ የሚሠራ ግን ያልታደሰ፣ ካፓሲተሩ (በዕድሜ የሚደክመው የውስጥ ክፍል) ተቀይሮ የታደሰ። እነዚህ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ነጋዴ ሁልጊዜ የሦስተኛውን ዋጋ እየጠቀሰ ሁለተኛውን ይሸጣል። አንተ «የሚሠራ ግን ያልታደሰ» ከሚለው አምስት ያህል ውሰድና በዋጋ ቅደም ተከተል ደርድራቸው፤ መካከል ላይ ያለው መነሻህ ነው። አማካይ አታውጣ፣ አንድ የታደሰ ዕቃ ከገባበት ያዛባዋል። የመላኪያውንም ለይተህ ያዝ፤ ሱቅ ሄደህ ስታነሳ መላኪያ የለብህም።

ነጋዴው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚገዛው ከሚሸጥበት ዋጋ በግማሽ አካባቢ ነው። ቀሪው ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ኪራይ አለበት፣ ፍተሻ አለበት፣ ተመልሶ የሚመጣ ዕቃ አለበት። ስለዚህ ፈትሾ፣ አጽድቶ፣ የ90 ቀን ዋስትና በጽሑፍ ከሰጠህ ከመነሻው ከ25 እስከ 35 በመቶ ቢጨምር አግባብ ነው። ዋስትና ከሌለ ዋጋው ከመነሻው በላይ መሆን የለበትም።

ግማሽ_ጆሮ፦
አንድ ጆሮ ብቻ የሚያሠራ ከሆነ በግማሽ ዋጋ ይስጥህ እንጂ! ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ 1,000 ያለህ ከታክስ በፊት ነው ወይስ ጨምሮ? የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው፤ 60 ዶላር ካዝናው ጋ ስትደርስ ብቅ ይልብሃል። በክሬዲት ካርድ ክፈል። በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ መላኪያ) ከላክህ በኋላ ዕቃው የተባለው ባይሆን ገንዘቡን ለማስመለስ በጣም ትቸገራለህ፤ ካርድ ከሆነ ባንኩ ጋ መከራከር ትችላለህ። ደረሰኙ ላይም ሞዴሉንና የጀርባውን ተከታታይ ቁጥር ያስጽፍ።

ዳላስ_ባስ፦
«እየተበላሁ ነው ወይ» የሚለው ጥያቄ ራሱ አልገባኝም። ነጋዴው ዕቃውን ፊትህ አብርቶ አሳይቶሃል፣ ጉድለቱንም አይተሃል። ከፌስቡክ ብትገዛ በ250 ታገኘዋለህ፤ ግን የማታውቀው ሰው ጋራዥ ውስጥ ቆመህ፣ ስፒከር ሳትሞክር ነው። 450 ለሱቅ ብዙ አይደለም። ውድ ከመሰለህ ሌላ ቦታ ሂድ፣ ሰውየውን ግን ሌባ አታድርገው።

ጋሽ_ትራንዚስተር፦
ዳላስ፣ ሌባ ያለው ማንም የለም። ግን የሱቅ ዋጋ የሚጠየቀው ለሚሠራ ዕቃ ነው። ግራው የሚጠፋ ሪሲቨር ገና ጠረጴዛ ላይ መውጣት ያለበት ነው።

ሶልደር_ቄራ፦
የቮልዩም አቧራ አይመስለኝም። አቧራ ቢሆን ቁልፉን ስታዞር ይንኮሻኮሻል። ዝቅ ሲል ጠፍቶ ከፍ ሲል የሚመለስ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የስፒከሩ ሬሌይ (ስፒከሩን የሚያገናኘው ማብሪያ) ነው፤ ስታበራው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ» የሚለው። ፖይንቱ (እርስ በርስ የሚነካካው ብረቱ) ሲጠቁር ትንሽ ከረንት አያሳልፍም፤ ቮልዩም ስትጨምር ከረንቱ ጥቁሩን ሰብሮ ያልፋል። እዚያው ቆመህ እንዲህ ለይ፦

መጀመሪያ አጥፋውና የግራና የቀኝ ስፒከር ገመድ ከጀርባ አቀያይር። ዝምታው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከሄደ ችግሩ ሪሲቨሩ ወይም ወደ እሱ የሚገባው ነው፤ እዚያው ከቀረ ስፒከሩ ወይም ገመዱ ነው። ከሄደ ድምፁ በጠፋበት ቮልዩም ላይ ሞኖ ተጫን። ሞኖ ሁለቱን ቻናል የሚቀላቅለው ከፓወሩ (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከር ከሚሰጠው ክፍል) በፊት ነው። ሞኖ ላይ ሁለቱም ከሠሩ ችግሩ ከፊት ነው፤ መርፌው፣ ገመዱ ወይም የመምረጫው ቁልፍ። ሞኖ ላይም ግራው ከሌለ ችግሩ ከኋላ ነው፤ ሬሌይ ወይም ፓወር።

ቀጥሎ ቴስተር ፈልግ። ስፒከሮቹን ንቀል፣ ቮልዩም ዜሮ አድርግ፣ 10 ደቂቃ ይሙቅ። ቴስተሩን 200 ሚሊቮልት ዲሲ ላይ አድርገህ በስፒከር መሰኪያው ላይ ለካ፤ ግራውንም ቀኙንም። ከ50 በታች ከሆነ ደህና ነው። 100 ካለፈ ወይም ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ተወው።

ለምን መሰለህ፣ 780 በየቻናሉ 45 ዋት የሚያወጣው ኤስቲኬ-0050 በሚባል ጥቁር ፓወር አይሲ (ብዙ ክፍል በአንድ የታሸገበት) ነው። ይህ አይሲ መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው አስመስለው የሠሩት ነው፣ ተገጥሞ ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል። ሬሌይ ከሆነ ዕቃው ከ10 እስከ 15 ዶላር፣ ከእጅ ዋጋ ጋር 100 አካባቢ ነው። አይሲው ከሆነ ግን ሪሲቨሩ በነፃ ቢሰጥህም አስብበት።

አቶ_ኖብ፦
ሬሌይም ቢሆን እኮ ክሊነሩን በወረቀት ነክረህ በፖይንቱ መሃል ብታሳልፈው ይለቃል።

ሶልደር_ቄራ፦
ለጥቂት ወር ይለቃል። የጠቆረው የፖይንቱ ሽፋን ስለተቃጠለ ነው፤ የተቃጠለ ሽፋን አይመለስም። ለሚገዛ ሰው የሚታሰበው የመቀየሪያው ዋጋ ነው።

ሸክላ_ስልቨር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገመዱን አቀያየርኩ፣ ዝምታው አብሮ ሄደ። ሞኖ ላይም ግራው የለም። ሰውየው ቴስተር አውጥቶ ለካ፤ ግራ 18፣ ቀኝ 22። የተሸጡትን አየሁ፦ 780 የሚሠራው 230፣ 275፣ 290፣ 310፣ አንዱ 520። ቴክኒክሱ 480፣ 550፣ 575፣ 600፣ 820። የ90 ቀን ዋስትና አለው ብሏል። ቶሎ መወሰን አለብኝ፤ ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ነው የሚወስድልኝ።

ሶልደር_ቄራ፦
አዲስ አበባ? ይህ መጀመሪያ መነገር የነበረበት ነው፤ ሒሳቡን ሁሉ ይቀይረዋል።

የፓዮነሩን ጀርባ አንብብ። ለአሜሪካ ገበያ የወጣው 780 ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ነው። ለሌላ አገር ከወጡት አንዳንዶቹ ከጀርባቸው በጠመዝማዛ መፍቻ የሚዞር የቮልቴጅ መምረጫ አላቸው። ያ መምረጫ ከሌለ የአዲስ አበባው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ላይ በቀጥታ ስትሰካው ፊውዙ ወዲያው ይሄዳል፣ ዕድለኛ ካልሆንክ ትራንስፎርመሩም ይከተላል። በስቴፕ ዳውን (ቮልቴጅ በሚያወርድ ትራንስፎርመር) ይሠራል፤ ግን ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል፣ እንደ ንብ ይላል። ቢያንስ 500 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) የሆነና 120 ሳይሆን 110 የሚሰጥ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ እሱም ራሱ በርካታ ኪሎ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ የሚመጣው ቮልቴጅ ስለማይታወቅ መንቀል ግዴታ ነው።

ቴክኒክሱ የተሻለ ነው። ዳይሬክት ድራይቭ (ሞተሩ ያለ ቀበቶ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞር) ስለሆነና ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ኳርትዝ ስለሆነ 50 ኸርዝ አይጎዳውም። የሚበላው ወደ 14 ዋት ነው፤ 100 ቪኤ የሆነች ትንሽ ትራንስፎርመር ትበቃዋለች። በሲንክሮነስ ሞተር (ፍጥነቱ የመብራቱን ኸርዝ የሚከተል) እና በቀበቶ የሚዞር ማጫወቻ ቢሆን ኖሮ 33 ዙሩ ወደ 28 ገደማ፣ 45ቱ ወደ 37.5 ይወርድ ነበር፤ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ይሆናል።

ዳላስ_ባስ፦
ትራንስፎርመር ለምን ትሸከማለህ? ለመንገደኛ የሚሸጥ 1,600 ዋት የሚል ቀላል ኮንቨርተር አለ፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ሶልደር_ቄራ፦
እሱን እንዳትሞክረው! ያ የፀጉር ማድረቂያና የካውያ ነው። በውስጡ ትራንስፎርመር የለም፤ የመብራቱን ሞገድ እየቆረጠ ነው የሚቀንሰው። ለማሞቂያ ሽቦ ግድ የለም፤ ለአምፕሊፋየር ግን መርዝ ነው። በእጅህ ስታነሳው ብረት ካልከበደህ ለድምፅ ዕቃ አይሆንም።

ጋሽ_ትራንዚስተር፦
ዋናው ነገር አሁን ተገለጠ። የሱቁን ጭማሪ የምንከፍለው ለዋስትናው ነው ብለናል። ዕቃው ነገ አዲስ አበባ ከገባ የ90 ቀኑ ዋስትና ላንተ ዋጋ የለውም፤ ማንም 13 ኪሎ ብረት ለጥገና ተሸክሞ አይመለስም። ስለዚህ ለሰውየው በግልጽ ንገረው፦ «ዋስትናውን አልፈልግም፣ በምትኩ ዋጋውን ቀንስልኝ።» ለሱም ይቀለዋል፤ ተመልሶ ከሚመጣ ዕቃ ይገላገላል።

ሒሳቡ፦ 520 የሸጠው የታደሰ ስለሚሆን እሱ ባይቆጠርም መሃሉ ያው 290 አካባቢ ነው። ሬሌዩ 100 ይቀንሳል፤ 190። ከዚያ ስቴፕ ዳውኑ ሲታከልበት እዚያ 220 የሚሠራ ደህና አምፕሊፋየር መግዛት ይሻላል። ፓዮነሩን ተወው። የቴክኒክሱ መነሻ 575 ነው። መርፌው ካለቀ ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ከ60 እስከ 80 ዶላር ነው፤ ያንን ቀንስና 500 ብለህ ጀምር። እስከ 550 ድረስ ብትሄድ አልተጎዳህም። ከታክስ በፊት መሆኑን አትርሳ።

ቀብዱን በተመለከተ፣ 100 ዶላር ላለማጣት ብለህ 1,000 አታውጣ። ቀብዱ የተሰጠው ሪሲቨሩ ይሠራል ተብሎ ነው፤ ጉድለቱ የተገኘው በራሱ ስፒከርና በራሱ ቴስተር ነው። «ይመለስልኝ» አትበለው፣ «ቴክኒክሱ ላይ ይታሰብልኝ» በለው። ይህንን እምቢ የሚል ነጋዴ ጥቂት ነው።

ግማሽ_ጆሮ፦
ጋሼ፣ ለነጋዴው ስብከት ቢልኩለት ኖሮ ገና ድሮ በነፃ ይሰጠው ነበር!
ሸክላ_ስልቨር፣ የመጨረሻውን ከመናገርህ በፊት ቴክኒክሱን ደግሞ ፈትሸው። ፒቹን (የፍጥነት ማስተካከያውን) ዜሮ አድርገህ ከጎን ያለውን ቀይ መብራት ተመልከት፤ በሳህኑ ዙሪያ ካሉት ነጥቦች ትልልቆቹ ቆመው መታየት አለባቸው፣ በ33ም በ45ም። ስታስነሳው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ፍጥነቱን መያዝ አለበት። ክንዱን ከሥሩ አካባቢ በሁለት ጣት ያዝና በጣም በቀስታ ወደ ጎንና ወደ ላይ ነካ ነካ አድርገው፤ ትንሽ እንኳ ቀጭ ካለ ወይም ከላላ ቤሪንጉ ተጎድቷል፣ ሌላ 100 ዶላር አስቀንስ። ጀርባው ላይ ያለው ክብደት ኦሪጅናል መሆኑን እይ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው። ለትልቅ ቀዳዳ 45 ሸክላ የሚሆነው መሃል ማስገቢያም አብሮ ይሁን፤ የአምሃና የካይፋ (የድሮ የኢትዮጵያ ሸክላ አሳታሚዎች) ትልቅ ቀዳዳ ያላቸው 45ቶች ያለሱ አይጫወቱም።

ሸክላ_ስልቨር፦
ነጥቦቹ ቆመዋል። ክንዱም አይላላም። ክብደቱ አለ፣ መሃል ማስገቢያው የለም። 500 አልኩት፣ 580 አለ። ቀብዱን ሊያስብልኝ ተስማምቷል። ሻንጣ ውስጥ እንዴት ይገባል? 23 ኪሎ ነው የተፈቀደው።

ሶልደር_ቄራ፦
ማስገቢያው ስለሌለ ሌላ 15 ዶላር ቀንስ። አስተሻሸጉ፦ ማጫወቻው ብቻውን ወደ 12 ኪሎ ተኩል ነው፣ ስለዚህ ኪሎው ይበቃል። ሳህኑን በሁለቱ ቀዳዳ ይዘህ ቀጥ አድርገህ አንሳው፤ ከታች ማግኔት ስላለው ትንሽ ይጎትታል። ለብቻው በፎጣ ጠቅልለው፤ ሳይወጣ ከተላከ መሃል ላይ ያለውን ዘንግ ይመታዋል። የጀርባውን ክብደትና የመርፌውን ራስ ንቀል፣ መርፌው በእጅ ሻንጣ ይሂድ። ክንዱን ማሳረፊያው ላይ ዝጋውና በክር እሰረው፤ ፕላስተር አትጠቀም፣ ሙጫው ይቀራል። ክዳኑ ላይ ከበድ ያለ ነገር አይቀመጥ። አዲስ ላይ የሚገዛው አምፕሊፋየር ፎኖ መግቢያ (የሸክላ ማጫወቻ መሰኪያ) ከሌለው፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል አዳፕተር ያላት ትንሽ ፎኖ ፕሪአምፕ (የመርፌውን ደካማ ድምፅ የምታጎላ) ከዚሁ ግዛ። የግራውንድ ሽቦዋን ሳታገናኝ «ይጮሃል» ብለህ እንዳትመጣ።

ዳላስ_ባስ፦
580 ከ90 ቀን ጋር ነው ወይስ ያለ ዋስትና? ያለ ዋስትና ከሆነ እኔም 550 ላይ እቆማለሁ።

አቶ_ኖብ፦
ፒቹንም ክሊነር ንፋበት፤ ዜሮው አካባቢ አቧራ ሲይዝ ፍጥነቱ ይዋዥቃል። ግን ለፕላስቲክና ለፌደር (ለተንሸራታች ቁልፍ) የሚሆነውን ዓይነት ተጠቀም፣ ጠንካራው ውስጡ ያለውን ቅባት ያጥበዋል።

መርፌ_ፈላጊ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፤ ያን ግራው የሚጠፋውን 780 ካልወሰድከው ሱቁ የት አካባቢ ነው? በ190 እኔ እፈልገዋለሁ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ።

ግማሽ_ጆሮ፦
12 ሰዓት አልፏል። ሸክላ_ስልቨር፣ በስንት ተቋጨ?