«በላቦራቶሪ ተረጋግጧል» የተባለ የዱር ቅጠል በጤና ጣቢያ ይሰጥ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ቅዳሜ ገበያ ላይ ቡናማ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አየሁ። ላዩ ላይ «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ፀረ ባክቴሪያ፣ ደም የሚያጠራ» ይላል። በዚህ ቡድናችን ደግሞ «እንዲህ ከሆነ ለምን በጤና ጣቢያ አይሰጥም?» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። እኔ አይሰጥም እላለሁ።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምንሠራው ይህን ነው። ቅጠሉን አድርቀን፣ ፈጭተን ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት እንዘፈዝፋለን። ሜታኖሉ ሲተን የቀረውን በትንሽ ክብ ወረቀት ላይ አንጠብጥበን ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ እናኖራለን። በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቦታ ካለ በሚሊሜትር እንለካለን። ይህን ኮምጣጤም ያደርገዋል! ጥሩ አንቲባዮቲክ በአንድ ሚሊሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ያልተጣራ የዕፅ ጭማቂ ግን ብዙ ጊዜ ሚሊግራም ይፈልጋል። አንድ ሚሊግራም ሺህ ማይክሮግራም ነው። ያን ያህል ወደ ደም እንዲገባ ሕመምተኛው ስንት ጣሳ ይጠጣ?

«ደም የሚያጠራ» የሚለው ከአንቲኦክሲዳንት (ሕዋስን የሚጎዱ ቅንጣቶችን የሚያመክን ነገር) ምርመራ የተወሰደ ይመስለኛል። ዲፒፒኤች የሚባል ወይን ጠጅ መልክ ያለው ኬሚካል አለ፤ ጭማቂው ሲጨመርበት ወደ ቢጫ ይለወጣል። የዘጌ ቡናም ይለውጠዋል። በቱቦ ውስጥ ቀለም መለወጥና በሰው ሰውነት ውስጥ በሽታ መፈወስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመድኃኒት አዋቂ ልጅ፣ ሞጣ፦
እህቴ፣ አባቴ ዳማ ከሴን በሜታኖል ዘፍዝፈው አያውቁም። ምች የመታው ሰው ሲመጣ እርጥቡን ቅጠል ቀጥቅጠው፣ በእጃቸው ጨምቀው ነው የሚሰጡት። እንግዲያው እናንተ የመረመራችሁት ቅጠሉን እንጂ የአባቴን መድኃኒት አይደለም። ቅጠልማ ፍየልም ይበላዋል፤ ዕውቀቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቤል የተሸለመችበትን የወባ መድኃኒት አስቢ። ውጤቱ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ሲያስቸግራት ወደ ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ተመለሰች። መጽሐፉ ተክሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ መቀቀልን አይናገርም። ሙቀቱ እንደሚጎዳው የጠረጠረችው ከዚያ ነው። የእኛስ እንዶድ? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። በውሃ ውስጥ የሚይዘው የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚዎች ነበሩ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ነርስ፣ ባሕር ዳር ዙሪያ፦
እንዶዱ የገደለው ቀንድ አውጣ ነው፤ ለሰው አልተሰጠም። ወንድሜ፣ ኮሶ ትል እንደሚያወጣ እኔም አልክድም። መጠኑ ሲያልፍ ግን የዓይን ነርቭ ይጎዳል፣ ያሳውራልም። በጭብጥ የሚለካ መድኃኒት ለሕፃኑም ለነፍሰ ጡሯም አንድ ሊሆን ነው? ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሳምንታት ቅጠል ሲጠጡ ቆይተው የመጡ አባት ተቀብያለሁ። ጉበታቸውን የጎዳው በሽታው ይሁን ቅጠሉ መለየት አልቻልንም፤ ምን እንደጠጡ የሚነግረን ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የሞጣው፦
ስለ መጠኑ እውነትሽን ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ጉንፋን በያዘው ቁጥር ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ የሚተወውስ ሰው? በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ እንደሞተ ተገምቷል። አዲስ መድኃኒት መፈለግ ግድ ነው፤ ከጮቄ ሥር የበቀለው ለምን ይቀራል?

የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ፣ ዳንግላ፦
ምስጢሩን ማን ያወጣል? «ስሙ ከተነገረ ይረክሳል» ብለው ለበኩር ልጃቸው ብቻ የሚያወርሱ ብዙ ናቸው። ይህን አጉል እምነት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለዘመናት ሌላ ጥበቃ ያልነበረው ሰው አጥር ነው እላለሁ። አሁን አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ጥቅሙንም እንዲያካፍል ያዝዛል። ይህን የነገራቸው አለ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ስለ አሠራሩ የተባለው ገብቶኛል። እኛ ሜታኖል የምንመርጠው ብዙ ነገር ስለሚያወጣ ነው፤ ሕመምተኛው የሚወስደው ግን ያንን አይደለም። በሽተኛው እንደሚወስደው አድርገን መመርመር ነበረብን። ለጭርት እንደሚቀባው የብሳና ወተት ካሉ፣ በቆዳ ላይ ከሚውሉት ብንጀምር አደጋው ያንሳል፤ እሱም ቢሆን የሚያቃጥል ነውና በጥንቃቄ። የሚጠጣውን ግን መርዛማነቱ ሳይለይ በጤና ጣቢያ ይሰጥ ብትሉኝ አልስማማም። የጠርሙሱ ጽሑፍም ዛሬውኑ ይፋቅ።

የሞጣው፦
ማታ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ራሴ ከቀጠቀጥሁት፣ የሚጻፈውም ከተነበበልኝ እመጣለሁ» ብለዋል። ቅጠሉ ደግሞ ጠዋት ተቀጥፎ በዚያው ቀን መመርመር አለበት፤ ካደረ አይሆንም ይላሉ። ላቦራቶሪያችሁ ቅዳሜ ይከፈታል?