ሲንኩ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

(ተከራይዋ ትጠይቃለች፤ «ሲፎን» እና «ላሜራ» በሚሉ ስሞች የሚጽፉ ሁለት ሰዎች ይመልሱላታል።)

ተከራይዋ
ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው ቤቱ። የኪችኑ ሲንክ ባለ አንድ ገንዳ ስቴንለስ ነው። ፍሳሽ ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ከሥሩ ያለው የካቢኔት ቺፕውድም አብጦ በሩ አልዘጋ ብሏል። አከራዬ «ሲሊኮን ይቀባበት» ይላሉ፣ ያየው ቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ይነሳ» አለ። ማንን ልስማ? ውሃ ሲጠፋ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው፤ ይኼም ለውጥ ካለው ንገሩኝ።

ሲፎን
እህቴ፣ ሁለቱም ሳይፈትሹ ነው የፈረዱት። ያበጠ ቺፕውድ ውሃ መፍሰሱን እንጂ ከየት እንደፈሰሰ አይናገርም። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የወንፊቱ (የፍሳሽ ቀዳዳው ማጣሪያ) ጎማ፣ የሲፎኑ (ከሥሩ ያለው ጠማማ የፍሳሽ ቱቦ) ማሰሪያ ወይም የቧንቧው ፍሌክሲብል (ውሃ የሚያመጣው ተጣጣፊ ቱቦ) ነው። ገንዳው ራሱ የሚበሳው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ካቢኔቱን ባዶ አድርጊና ሁሉንም በጨርቅ አድርቂ። ቀዳዳውን ድፈኚ፣ ገንዳውን እስከ ግማሽ ሙዪ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ከዚያ በደረቅ ሶፍት ከሥር የገንዳውን ሆድ፣ ቀጥሎ የወንፊቱን አንገት ዙሪያ ንኪ። አንገቱ ከረጠበ ጎማው ነው። ከአንገቱ ርቆ ሆዱ ላይ ከረጠበ ላሜራው ተበስቷል፣ ያኔ መቀየር ነው። ሁለቱም ደረቅ ከሆኑ ውሃውን ባንዴ ልቀቂና የሲፎኑን ማሰሪያዎች ንኪ፤ ሲፎን ሞልቶ ሲወርድ እንጂ ቧንቧው በቀጭኑ ሲፈስ አይጋለጥም።

የሮቶው ነገር፦ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። የመስመር ውሃ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ቤቱ መስመር ሲመጣ በቀጥታ የሚጠቀም ከሆነ ፍሌክሲብሉን በዚያ ቀን ፈትሺ። በሮቶ ደረቅ የነበረ መጋጠሚያ ያን ጊዜ ሊያፈስ ይችላል።

ላሜራ
ስለ ነጠብጣቡ። ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰሽ በላሜራው መስመር አቅጣጫ ለስላሳ ስፖንጅ ይዘሽ ፋቂ። ከለቀቀና ጥፍርሽ ሲያልፍበት ለስላሳ ከሆነ፣ ዝገቱ ከዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የቀረ ብናኝ ነው፤ ሽቦውን ጣዪውና አበቃ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ብዙ ጊዜ በረኪና ነው የበላው። ጨርቅ በበረኪና ዘፍዝፎ ሲንክ ውስጥ ማሳደር ስቴንለስን ከሚገድሉት አንዱ ነው፣ ክሎራይዱ መከላከያ ሽፋኑን በነጥብ በነጥብ ይሰብረዋል። እሱ ላይ ሲሊኮን መቀባት ደግሞ ዝገቱን ከእይታ መሸፈን ነው፤ ከሥር መብላቱን አያቆምም።

ውሃው ሲደርቅ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ካየሽ አትደንግጪ፣ አቼቶ የነከረ ጨርቅ ሩብ ሰዓት አልብሰሽ በደንብ አለቅልቂው። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የሚወራለት ፍሎራይድም ጥርስ እንጂ ሲንክ አያስቀይርም።

ተከራይዋ
ፈተሽኩ። የረጠበው የወንፊቱ አንገት ነው፣ ሆዱ ደረቅ ነው። ነጠብጣቡ በሶዳ ለቀቀ፤ ሁለት ቦታ ግን ጥፍር ይይዛል። ቀዳዳው አጠገብ በእጄ ስጫነው ደግሞ ላሜራው ይሰረጉዳል።

ሲፎን
እንግዲያው ወሳኙ ጉድጓዶቹ ያሉበት ቦታ ነው። ባልዲ ከሥር አስቀምጪ፣ የሲፎኑን ማሰሪያ በእጅ ፍቺ፣ የወንፊቱን መሃል ብሎን በካቻቢቴ ፈትተሽ አውጪው። ጉድጓዶቹ ጎማው የሚያርፍበት ቀለበት ላይ ከሆኑ አዲስ ጎማም አይዝም፣ ሲንኩ ይነሳ። ከቀለበቱ ውጪ ከሆኑ ግን ጎማ ብቻ ቀይሪ። አሮጌውን ሲሊኮን በፕላስቲክ ነገር ፍቀሽ አንሺ፣ ቀለበቱን አድርቂ፣ ከላይ ባለው የወንፊት ከንፈር ሥር ቀጭን የሲሊኮን መስመር አድርጊ፣ ጎማውን ከሥር ግጠሚ። ብሎኑን ሲሊኮኑ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቅ እስኪል ብቻ አጥብቂ። ከዚያ ካለፈ ስስ ላሜራ ይጣመማል፣ ፍሳሹም ይብሳል። 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። የሲፎኑ ሾጣጣ ጎማ ቀጭኑ ጫፉ ወደሚገባበት አካል ይዙር፤ እዚያ ቴፍሎን አያስፈልግም።

ይህን አድርገሽ ፈተናውን ስትደግሚው አንገቱ እንደገና ከረጠበ፣ ላሜራው ከቅርጹ ወጥቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ጎማ አትግዢ።

ላሜራ
መቀየር ከመጣ፣ ሲንኩን ብቻ ሳይሆን ሲንኩ የሚገባበትን፣ ካቢኔቱ ላይ የተቆረጠውን ቀዳዳም ለኪ። ተቆርጦ የሚገባ 100 በ50 ሴሜ ሲንክ አብዛኛውን ጊዜ 98 በ48 ሴሜ ቀዳዳ ይፈልጋል። ውፍረቱን ጠይቂ፦ 0.5 ሚሜ የሆነው አሁን እንዳለሽ ይሰረጉዳል፣ 0.8 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ሻጩ ማግኔት አስጠግቶ «አይስብም፣ ኦሪጂናል ነው» ቢልሽ አትመኚ። ከስቴንለስ ዓይነቶች 304ም ሆነ ኒኬሉ ያነሰው 201 በማግኔት እምብዛም አይሳቡም፣ ዝገትን የሚቋቋመው በተሻለ 304 ነው። በማግኔት የሚሳበው 430 የሚባለው ዓይነት ነው።

ከመግጠምሽ በፊት ያበጠውን ቺፕውድ አስቀይሪ፣ የቀዳዳውን ጥሬ ጠርዝም ዙሪያውን በሲሊኮን አስቀቢ። ፍሳሽ ቱቦው 40 ሚሜ ነው ወይስ 50 የሚለውን አይተሽ ሂጂ፤ አለዚያ ለሲፎኑ ስትይ ገበያ ትመለሻለሽ።