ናክሶስ ደሴት ላይ ቪላ ለመግዛት፦ የገንዳው ወረቀት «ይስተካከላል» ተብሏል፣ ቀብድ ይከፈል?

የአዌቱ_ዳር (ጅማ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የግሪክ ቤት ግዢ የሚያውቅ ካለ ቶሎ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል፤ ደላላው ቀብድ እስከ አርብ እያለ ነው።

እህቴና ባለቤቷ ካናዳ ነው የሚኖሩት፣ ፓስፖርታቸውም የካናዳ ነው። ለዕረፍት የሚሆን ቤት ናክሶስ ላይ አይተዋል፦ 135 ካሬ ሜትር ቪላ፣ 4 በ8 ሜትር መዋኛ ገንዳ ያለው፣ ከከተማ ፕላን ውጪ፣ ዋጋው 450,000 ዩሮ። እሱ ካልሆነ ሳንቶሪኒ እንፈልጋለን ይላሉ። ከኛ በኩል እዚህ ሂርማታ ያለውን የቤተሰብ ቤት ሸጠን ልንጨምርላቸው አስበናል። ይህ ይቻላል ወይ? ከ450,000ው በላይ ስንት ይወጣል? ቤቱ ለእናታችን ቪዛ ያስገኝላት ይሆን? ገንዳውና ጎኑ ላይ ያለው በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ደግሞ ወረቀታቸው «በሂደት ላይ ነው፣ ይስተካከላል» ተብሏል። ይህስ የሚያሳስብ ነው?


ካርታና_ዕገዳ

አርብ የሚባለውን እርሱት። የግሪክ ቀብድ ከእኛው ጋር አንድ ነው፦ ገዢ ካፈገፈገ ቀልጦ ይቀራል፣ ሻጭ ካፈገፈገ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ልማዱ 10 በመቶ ስለሆነ 45,000 ዩሮ ነው የሚያዘው። «በይዞታው ወይም በግንባታው ላይ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ተመላሽ ይሆናል» የሚል አንቀጽ ካልገባ ጉድለቱ ቢገኝም ገንዘቡን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት ነው።

ቅድሚያ የሚወጣው የግብር መለያ ቁጥር ነው፣ እነሱ «አፊሚ» ይሉታል። እሱ ሳይኖር ባንክም፣ ውልም የለም። እህትህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ስለምትኖር የግብር ወኪል መሰየም አለባት፤ ብዙ ጊዜ ያው ጠበቃዋ ይሆናል። ለጠበቃው የምትሰጠውን ውክልና ካናዳ ባለው የግሪክ ቆንስላ መፈረም ትችላለች፣ ለዚህ ብላ ግሪክ አትሄድም። ጠበቃው ግን ደላላው የጠቆመው መሆን የለበትም። የሻጩ ጠበቃ ከሆነማ ጭራሽ።

ጠበቃው የሚፈትሸው ቢያንስ 20 ዓመት ወደኋላ ነው፦ ባለቤት ማን ነበር፣ ዕዳና ዕገዳ አለበት ወይ፣ ክስ አለ ወይ። ደሴቶቹ ላይ የሚያስቸግረው ውርስ ነው። አባት ሞቶ አምስት ልጆች ባልተከፋፈለ ድርሻ ይወርሳሉ፣ ሁለቱ አውስትራሊያ ናቸው፣ አንደኛው የውርስ መቀበያውን ሳይፈርም ሞቷል። ቁልፉ የያዘው ወንድም ቤቱን ያሳያል፣ መሸጥ የሚችለው ግን የራሱን አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። እኛ አገር የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ የሚሸጥ ቤት የሚያመጣውን ጣጣ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። ሌላው ደግሞ ሰነድ ጨርሶ የሌለው፣ «20 ዓመት በእጄ ይዤዋለሁ» በሚል ብቻ የቆመ ይዞታ ነው። ይህ በሕጋቸው የታወቀ መንገድ ቢሆንም በመሬት ምዝገባ ሥርዓታቸው (ካዳስተር፣ እነሱ «ክቲማቶሎዮ» የሚሉት) በትክክል መመዝገቡ ይታይ። «ባለቤቱ ያልታወቀ» ተብሎ የተመዘገበ መሬት ከሆነ በእርማት ክስ ሳይስተካከል አይነካም።

ውሉን የሚያዘጋጀው ኖታሪ ነው፣ የእኛው ውልና ማስረጃ ዓይነት ሥራ፣ ግን ኃላፊነቱ ከበድ ይላል። ውሉ በግሪክኛ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ፈራሚ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ደግሞ ባለቤትነት የሚተላለፈው በፊርማው ቀን አይደለም፣ ውሉ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው። ቁልፍ ተቀብሎ ምዝገባውን ያዘገየ ሰው ገና ባለቤት አልሆነም።

ሳንቶሪኒን በተመለከተ፦ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ ቁጥር 1892 የድንበር አካባቢ ከተባሉት ውስጥ ናት። ሮድስና ኮስ ያሉበት ዶዴካኔዝ፣ ሌስቦስ፣ ኪዮስና ሳሞስም እንዲሁ። የካናዳ ዜጋ እዚያ ለመግዛት ቤቱን ለምን እንደሚፈልገው ገልጾ ለአካባቢው አስተዳደር ኮሚቴ ያመለክታል፣ ፈቃድ ያገኛል ወይም ይከለከላል። ናክሶስና ፓሮስ ግን ይህ የለባቸውም። በዚህ በኩል ናክሶስን ማስቀደማችሁ ጥሩ ነው።


ሒሳብ_ሹም

የብሩን ነገር ልመልስ። ከጅማ ተነስቶ ግሪክ ቤት የሚገዛ ብር የለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ለገቢ ንግድና ለመሳሰሉት መንገዱ ሰፋ እንጂ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ውጭ አገር ቤት ልግዛ ብሎ ባንክ ሄዶ ዩሮ እንዲገዛ አልተፈቀደም። ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የትኛውም ቅርንጫፍ አይሸጥላችሁም።

«በጥቁር ገበያ ሐዋላ እንልካለን» የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። ከወንጀልነቱ ባሻገር ሥራ ላይ አይውልም። ግሪክ የቤት ክፍያን በጥሬ ገንዘብ ከልክላለች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ሕግ ቁጥር 5073። ገንዘቡ በባንክ ማለፉ ውሉ ላይ ይጻፋል። ባንኩ ደግሞ ምንጩን ይጠይቃል፦ የደመወዝ ማስረጃ፣ የግብር ወረቀት፣ የሽያጭ ውል። ከማይታወቅ ሦስተኛ ሰው ሒሳብ የገባ 60,000 ዩሮ ሲታይ ሒሳቡ ይታገዳል፣ የውሉ ቀን ያልፋል፣ ቀብዱም ይበላል። እህትህ በካናዳ ገቢዋና በካናዳ ብድር ትግዛ፣ የሂርማታው ቤት ባለበት ይቆይ።

ወጪው በ450,000 ዩሮ ሲሰላ፦ የዝውውር ግብር ከነማዘጋጃ ቤት ጭማሪው 3.09 በመቶ ነው፣ 13,905 ዩሮ፣ እሱም ከፊርማ በፊት ይከፈላል። እኛ አገር አሹራ የሚሉት ዓይነት ነው። ልብ በሉ፣ የሚሰላው ከውሉ ዋጋና መንግሥት ካወጣው ግምት ከፍ ያለው ላይ ስለሆነ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ አያተርፍም። ጠበቃ 1 በመቶ ገደማ ነው፣ ከ24 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 5,580። ደላላው ከገዢ 2 በመቶ ከወሰደ ከነታክሱ 11,160። ኖታሪ 1 በመቶ አካባቢ፣ ምዝገባ ግማሽ በመቶ ፈቀቅ ያለ። ሲደመር ከ35,000 እስከ 40,000 ዩሮ ይሆናል፣ የመሐንዲስ ሳይጨመር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኤንፊያ የሚባል የንብረት ግብር አለ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በመብራት ቢሉ ላይ ተደምሮ ይመጣል።

ስለ እናታችሁ ቪዛ፦ ቤት መግዛት ብቻውን ለማንም ቪዛ አይሰጥም። የካናዳ ዜጎቹ ያለ ቪዛ ከ180 ቀን 90ውን መቆየት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙት እናታችሁ ግን እንደማንኛውም ሰው የሼንገን ቪዛ ይጠይቃሉ። ጎልደን ቪዛ የሚባለው፣ ቤት በመግዛት የሚገኘው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሌላ ነው፤ እሱ የገዢውንም የትዳር ጓደኛውንም ወላጆች ያካትታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የቤት ዋጋ ከ3,100 ሰው በላይ ባላቸው ደሴቶች 800,000 ዩሮ ሆኗል፣ ናክሶስም እዚያ ውስጥ ናት። 400,000 የሚበቃው እንደ አሞርጎስ፣ ሴሪፎስና ፎሌጋንድሮስ ባሉ ትናንሽ ደሴቶች ነው፣ ያውም አንድ ወጥ ቤት ሆኖ ከ120 ካሬ ሜትር የማያንስ። በዚህ ፈቃድ የተያዘ ቤት ለአጭር ጊዜ እንግዳ አይከራይም፤ ቅጣቱ 50,000 ዩሮና የፈቃዱ መሰረዝ ነው። «በበጋ አከራይተን ዕዳውን እንከፍላለን» የሚለው ሒሳብ በእነዚህ ቤቶች ላይ አይሠራም።


ሲሚንቶና_ጨው

ገንዳው ያሳስባል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ በጣም። በግሪክ ያለ ፈቃድ የተሠራን «አፍቴሬቶ» ይሉታል። መለያው ቀን 28 ጁላይ 2011 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ በቅጣት ሕጋዊ ሊደረግ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ የተሠራው በዚያ መንገድ አይስተካከልም። ስለዚህ «ይስተካከላል» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው ገንዳው የተቆፈረበት ዓመት ሲታወቅ ነው። ዓመቱን ከአየር ፎቶ ማወቅ ይቻላል። የአንድ ሰው ቃል አይበቃም፣ የሚፈርመው መሐንዲስ የየዓመቱን ፎቶ አመሳክሮ ነው።

በረንዳው የታወቀ ዘዴ ነው። በፈቃዱ ፕላን ላይ ሦስት ጎኑ ክፍት ሆኖ ይሳላል፣ ከቤቱ ስፋት አይቆጠርም፣ ፍተሻ ካለፈ በኋላ በመስታወት ይዘጋና ክፍል ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ 135 የሚለው ቤት ፈቃዱ ላይ 112 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከማንም በፊት የግንባታ ፈቃዱን ቁጥርና የጸደቀውን ሥዕል ጠይቁ፣ በሜትር ሂዱና ለኩ። መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2017ቱ ሕግ ቁጥር 4495 መሠረት «ያልተፈቀደ ግንባታ የለበትም» ብሎ ካልፈረመ ኖታሪው ውሉን አያዋውልም።

ቤቱ ከፕላን ውጪ ነው ብለሃል። እዚያ ለመገንባት በመደበኛው ቢያንስ 4 ስትሬማ፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሜትር ይጠየቃል። የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት የሚባለው ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በውሳኔ ቁጥር 176 ቦታው ሕጋዊ ዕውቅና ያለው መንገድ ፊት ለፊት መሆን አለበት ብሏል። የፍየል መንገድ ሰፍቶ መኪና ስላስገባ መንገድ አይባልም። መሬቱ በደን ካርታ ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ የአርኪዮሎጂ ቀጠና መሆኑና ከባሕር ዳርቻ መስመር ያለው ርቀትም ይታይ።

ደግሞ የመብራት ቆጣሪውን ተመልከቱ። ግንባታ ላይ ላለ ቤት የሚሰጥ ጊዜያዊ መስመር አለ፤ ሰው እየኖረበት አሥር ዓመት በዚያ የቆየ ቤት ካገኛችሁ የመጨረሻውን ማረጋገጫ አላገኘም ማለት ነው፣ ምክንያቱን ጠይቁ። ቢሉን ማየት ብቻ ይበቃል።

ውኃ። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ይዘንባል፣ ናክሶስ ከ400 አይዘልም፣ እሱም የሚዘንበው እኛ ቡና በምንለቅምበትና በምናደርቅበት ወራት ነው። በጥንቱ ቤት ጣራው ጠፍጣፋ የሆነው ለዚህ ነው፦ ዙሪያውን ዝቅተኛ ጠርዝ አለው፣ በኖራ ይቀባል፣ በአንድ ጥግ ባለ ቀዳዳ ውኃው ግቢው ሥር ወዳለ ጉድጓድ ይወርዳል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ ወደ ውጪ እንዲፈስ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ከዚያ ይከፈታል። 100 ካሬ ሜትር ጣራ በ350 ሚሊሜትር፣ አምስተኛው ቢባክን 28 ሜትር ኩብ ይሰጣል። የእናንተ ገንዳ ግን አንድ ሜትር ከአርባ ጥልቀት ቢኖረው 45 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፣ በሐምሌና ነሐሴ የሰሜኑ ነፋስ ሜልቴሚ ሲነፍስ በቀን 8 ሚሊሜትር ቢተንን 256 ሊትር ይሄዳል። በወር ሰባት ሜትር ኩብ ተኩል በላይ ነው። ያ ከቧንቧ ነው ከቦቴ? ቦቴ ከሆነ መኪናው ግቢ መድረስ ይችላል ወይ? ጉድጓድ አለን ካሉም ፈቃዱን አሳዩን በሉ።

ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ከፌሮው ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅና ቡናማ እድፍ ካለ ፌሮው ዝጎ እያበጠ ነው፣ ቀለም ቀብቶ መሸፈን ስድስት ወር አያቆይም። ስንጥቁን በጣት ጥፍር ከነካችሁትና ቅርፊቱ ከተነሳ ሥራው ትልቅ ነው። የደጅ መቀርቀሪያና የገንዳ መሰላል 316 የሚባለው ስቴንለስ ይሁን፣ 304 ባሕር ዳር ይዝጋል። የፈቃዱም ዓመት ወሳኝ ነው፦ ግሪክ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተጠናክሯል። ሳንቶሪኒን ከቀጠላችሁበት ይህ ቀልድ አይደለም፤ በፌብሩዋሪ 2025 መሬቱ ሳያቋርጥ ሲንቀጠቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ደሴቷን ለቆ ወጥቶ ነበር።


የአዌቱ_ዳር

እግዜር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ተፈታ። የሂርማታውን ቤት መሸጥ ትተነዋል። አንድ ብቻ፦ እናታችን «የቤቱ ላይ ስሜ ይግባ» እያሉ ነው። ቢገባ ችግር አለው?


ሒሳብ_ሹም

ስማቸው ሲገባ እሳቸውም አፊሚ፣ የግብር ወኪልና በአዲስ አበባው የግሪክ ኤምባሲ የተፈረመ ውክልና ያስፈልጋቸዋል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ የእሳቸው ድርሻ ገንዘብ ከየት እንደመጣ መጠየቁ ነው። እህትህ ከፍላ ለእናቷ ድርሻ ብታስመዘግብ ስጦታ ስለሚሆን በስጦታ ሕግ ይታያል። ለዕረፍት ቤት ይህን ያህል መንገድ አያስፈልግም፤ እናታችሁን አክብራችሁ እንግዳ አድርጓቸው።


ካርታና_ዕገዳ

ለደላላው ዛሬ በጽሑፍ መልሱለት፦ የግንባታ ፈቃዱን ቁጥር፣ የካዳስተር ቁጥሩን፣ ገንዳው የተሠራበትን ዓመትና የቅርቡን የመብራት ቢል ይላክልን፣ ቀብድ ከዚያ በኋላ። አራቱን የሚልክ ሻጭ በቀናት ውስጥ ይልካል። «ሌላ ገዢ መጥቷል» የሚል መልስ ከመጣ ለዚያ ገዢ ይሽጥለት።


ሲሚንቶና_ጨው

ቤቱን ለማየት ደግሞ በነሐሴ አትሂዱ፣ በጥር ሂዱ። እርጥበቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው ያኔ ነው፣ ጀልባውም በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ያኔ ታዩታላችሁ።