ሰበታ የቆመች የ1964 ሼቭሮሌ ኢምፓላ፦ እድሳቱ ከየት ይጀመር?

የሰበታው ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲነዳት የኖረች፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራች ባለ አራት በር ሼቭሮሌ ኢምፓላ ሰበታ በሚገኘው ግቢያችን በቆርቆሮ ጥላ ሥር ለብዙ ዓመታት ቆማ ኖራለች። ሞተሯ 283 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 4.6 ሊትር ገደማ የሆነው ቪ8 ሲሆን፣ ካምቢዮዋ ባለ ሁለት ማርሹ አውቶማቲክ ፓወርግላይድ ነው። አባቴ ዕቃ ለውጦ መጣል የማይወድ ሰው ስለነበረ ከኋላ ያሉት ስድስቱ መብራቶች፣ የጎን ጌጦቿና ዳሽቦርዷ አብረዋት የመጡት ናቸው።

በቅርቡ አዲስ ባትሪ አስገብቼ፣ በሰልባትዮው (በቤንዚን ታንኩ) ውስጥ የቆየውን ቤንዚን ሳልነካ ከጄሪካን በተለየ ቱቦ ንጹሕ ቤንዚን እየሰጠሁ ሞተሩን አስነሣሁት። ሆኖም ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ጥቂት ቆይቶም ራዲያተሩ ይፈላል። የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራም በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈርበት ቦታ አለ።

ምክር ስጠይቅ የማገኘው መልስ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖብኛል። አንድ ጋራዥ ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሮቹ አየሩን ጨምቀው የሚፈጥሩትን ግፊት) ለክቶ በሁሉም ሲሊንደሮች ከ115 እስከ 120 ፒኤስአይ ስላገኘና የመኪናዋ መጽሐፍ ደግሞ 150 ስለሚል፣ ሞተሩ አልቆለታልና የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ይገጠምላት ብሎኛል። ሌላው በቅድሚያ ቀለም ተቀብታ ዓይን የምትስብ ትሁን፣ የቀረው ቀስ በቀስ ይደርሳል ይላል። የእኔ ፍላጎት ለሰርግ ማከራየት ሳይሆን፣ በእሑድ ቀን ልጆቼን ይዤ ያለ ሥጋት እስከ ወሊሶ ደርሼ መመለስ ነው። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ የሚገኝ ስላልሆነ የሥራውን ቅደም ተከተል የምታውቁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የዓለም ገናው መካኒክ መለሰ፦

ልጄ፣ ሞተሩን ከማውረድህ በፊት አጥብቄ የምለምንህ ነገር ቢኖር በዚያ 120 ቁጥር ላይ ተመሥርተህ ምንም ዓይነት ውሳኔ እንዳትሰጥ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚነዳ ሰው ነው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ነው፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ያለው ቁጥር በ0.8 ገደማ መባዛት አለበት። 150ን በ0.8 ብታባዛ 120 ታገኛለህ። ይህም ማለት አልቆለታል የተባለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ሊያሳይ የሚገባውን ግፊት በትክክል እያሳየ ነው። መመልከት ያለብህ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከ75 በመቶ በታች ካልወረደ፣ የፒስተኑ ፋሻም ሆነ ቫልቩ ገና ይሠራል። የቫኩም መለኪያም (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚያሳየው) እንደዚሁ ነው። መጽሐፉ 18 ኢንች ቢል አንተ 10 ወይም 11 ብታነብ አትደንግጥ፤ መርፌው ረግቶ ከቆመ ጤነኛ ነው፣ በእኩል ልዩነት ወደ ታች ብድግ ቁጭ የሚል ከሆነ ግን አንድ ቫልቭ አልገጥም ብሏል ማለት ነው። በእኛ ከተማ ስንት ደኅና ሞተር በዚህ ቁጥር ሳቢያ ያለ ጥፋቱ እንደተፈታ ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ።

ጥቁሩ ጭስም የመጣው ከዚሁ ከከፍታው ጋር በተያያዘ ምክንያት ይመስለኛል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የሚለቀው ቤንዚን ለወፍራም አየር የተመጠነ ሆኖ ሳለ የሚገባው አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። በቅድሚያ ግን ቾኩ (ለቀዝቃዛ ሞተር አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጥ፤ ለዓመታት በቆመ መኪና ላይ ተጣብቆ መቅረቱ የተለመደ ነው። ከዚያም ካርቡሬተሩን አውርደህ ክፈተው። በሳህኑ ታች ቤንዚኑ ተንኖ የተወው ቡናማ ሙጫ ታገኛለህ፤ ነዳጅ ስትረግጥ ቤንዚን የምትገፋው ትንሿ የፖምፓ ጎማም ደርቃ እንደ ቅርፊት ጠንክራ ይሆናል። ሁለቱንም ካጸዳህና ከለወጥህ በኋላ የቤንዚን ቀዳዳ ያላቸውን ዋና ዋናዎቹን ጄቶች ተመልከት። በሮቸስተር ካርቡሬተር ጄት ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሺህኛ ኢንች ስለሆነ፣ ለሰበታ አየር ከነበረው ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር የሚያንስ ጄት አስገባ። የቀድሞውን ጄት በስታኞ ደፍኖ እንደገና በመብሻ መክፈት አንዳንዶች የሚያደርጉት ቢሆንም እኔ አልመክርህም፤ ወደ ነበረበት ልትመልሰው አትችልምና። ጥቂት ነድተህ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ስታወጣው ጥላሸት ለብሶ ከነበረው ወደ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከተለወጠ ልኩን አግኝተሃል።

የካንዴላው ክፍተት 0.9 ሚሊ ሜትር፣ የአዲስ ፑንቲና (በዲስትሪቡተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መገናኛ) ክፍተት ደግሞ 0.48 ሚሊ ሜትር ይሁን። ብልጭታውን ለየካንዴላው በሚያድለው ዲስትሪቡተር ላይ የሽቦዎቹን ቦታ ያምታታ ሰው ካለ፣ የፍንዳታው ቅደም ተከተል 1፣ 8፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 7፣ 2 ሲሆን ዲስትሪቡተሩ ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከሾፌሩ በኩል ያሉት 1፣ 3፣ 5 እና 7 ናቸው። ስስ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድድ ታይሚንጉ (ብልጭታው የሚነሣበት ጊዜ) በመጽሐፉ ካለው 4 ዲግሪ በጥቂት ዲግሪ ቢቀድም ሞተሩ ይበረታል፤ ዳገት ላይ ስትረግጠው የማንኳኳት ድምፅ ከሰማህ ግን ወዲያው መልሰው።

ስለ መፍላቱ፦ እዚህ ውሃ ክፍት ሆኖ ሲጣድ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግፊት የማይዝ አሮጌ የራዲያተር ክዳን ሜዳ ላይ ካለ መኪና ይልቅ እኛን ቶሎ ይጎዳናል። ክዳኑን ለውጠው። ራዲያተሩ የመዳብና የነሐስ በመሆኑ ዕድለኛ ነህ፤ ራዲያተር ሠሪ ዘንድ ወስደህ የላይና የታች ሣጥኖቹ ተከፍተው ቱቦዎቹ በቀጭን ዘንግ ይጠረጉልህና በስታኞ ይታሸጉልህ። ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን) አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም እሺ እንዳትል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ፋሻውንም ይጨርሳል።

ይህ ሁሉ ግን ከፍሬኑ በኋላ ይመጣል። የ1964 ኢምፓላ የፍሬን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) አንድ ክፍል ብቻ ያለው ስለሆነ፣ በአንዱ ጎማ በኩል ዘይት ከፈሰሰ በአራቱም ጎማ ፍሬን የለህም። አራቱንም ታምቡር (የፍሬኑን ክብ ሽፋን) አውልቅ። በየጎማው ካሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች ላይ የአቧራ መከላከያውን ጎማ ከንፈር በጣትህ ጫፍ ገልበጥ አድርገህ ውስጡን ዳስሰው፤ እርጥበት ካገኘህ ሲሊንደሩ ያፈስሳል። የፍሬን ሸራው ዘይት ከነካው በቤንዚን አጥበህ መልሰህ አትግጠመው፤ ይለወጥ። የጎማ ቱቦዎቹን ሳትመረምር ሁሉንም ቀይር፣ የቆየውን ዘይት ጨርሰህ አውጣና ዶት 3 የተባለውን የፍሬን ዘይት ሙላ። አቅምህ ሲፈቅድ ሼቭሮሌ ከ1967 ጀምሮ የገጠመውን ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ብታስገባ የመኪናዋ መልክ አይለወጥም፤ አንተና ልጆችህ ግን ከአደጋ ትጠበቃላችሁ።

የቡራዩ ባትላሜራ መለሰ፦

ጋሼ ስለ ሞተሩ የጻፉት በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ላሜራው ብቻ እናገራለሁ። ቀለም ይቅደም ያለዎትን ሰው ምክር አይቀበሉ፤ በላሜራዋ ላይ ያለው ነገር ከውበት ያለፈ ነው።

ከ1958 እስከ 1964 የተሠሩት ትልልቆቹ ሼቭሮሌዎች ሻንሲያቸው (ሰውነቱ የሚያርፍበት የብረት አጽም) መሐል ላይ ጠብቦ እንደ መስቀል የተጋጠመ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ በበሮቹ ሥር የሚያልፍ የሻንሲ ብረት የላቸውም። ስለዚህ በጣትዎ ሲጫኑት የሚፈረፈረው የበር ሥር ላሜራ የሰውነቱን ክብደት ከሚሸከሙት አንዱ ነው። በሩን ከፍተው ቀስ ብለው ሲዘጉት ከወትሮው ዝቅ ብሎ መያዣውን የሚነካ ከሆነ ሰውነቱ መርገብ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ላሜራ የሚቆርጥ ሠራተኛ በቅድሚያ በሮቹን በቦታቸው ትቶ፣ በውስጥ በኩል ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ብረት በይዶ መወጠር አለበት። ሳይወጠር ከተቆረጠ መኪናዋ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች፣ በሮቹም ከዚያ ወዲያ አይገጥሙም። በአንድ ጊዜም አንድ ጎን ብቻ ይሠራ።

ሻንሲውን ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ጭቃውን በውሃ አጥበው ካደረቁ በኋላ፣ በተለይ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት ሻንሲው ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በትንሽ መዶሻ እየነኩ ያዳምጡ። ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ በዚያ ቦታ ሹል ካቻቪቴ አስደግፈው ቢመቱት ይገባል። መጣፊያው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ላሜራ ይሁን፤ የጣሪያ ቆርቆሮ አያስለጥፉ። ብየዳውም በሽቦ ማሽን፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ፣ እየተቀዘቀዘ ይሠራ፤ በዘንግ ኤሌክትሮድ ከተበየደ ቀጭኑ ላሜራ ይቃጠላል። በላሜራው ታች ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በስቱኮ እንዳይደፈኑ ራስዎ ቆመው ይከታተሉ፤ መጀመሪያውኑ ያበሰበሳት በውስጡ የታሰረው ውሃ ነውና።

ቀለሙን በተመለከተ ክረምት ላይ አያስቡት። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የተቀባ ቀለም ይደበዝዛል፣ ከሥሩም ይፋፋል። ከጥቅምት በኋላ፣ ወለሉ ውሃ በተረጨበትና አቧራ በማይገባበት ዝግ ቤት ይሁን።

ከለገጣፎ፣ የድሮ መኪና ወዳጅ መለሰ፦

ስለ ናፍጣ ሞተሩ ሐሳብ አንድ የተዘለለ ጉዳይ አለ። በሊብሬዎ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተመዝግቧል፤ ሞተር ቢለውጡ ያለ ፈቃድና ያለ ምዝገባ ማስተካከያ ቦሎ ለማውጣትም ሆነ ስም ለማዞር ይቸገራሉ። የሞተሩ ቁጥር የተቀረጸው ከፊት በኩል፣ በቀኙ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሥር ወጣ ብሎ በሚታየው ጠፍጣፋ የብሎክ ገጽ ላይ ነው። ምናልባት አንድ ቀን ሞተሩ ፈርሶ ወደ ቶርኖ ቤት ቢሄድና ብሎኩ ከላይ ይላግ ቢባል፣ ያ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። አስቀድመው ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ለሠራተኛውም ቁጥሩ እንዳይነካ በጽሑፍ ያሳውቁት። የሻንሲ ቁጥሩን ደግሞ በግራው የፊት በር ማጠፊያ ምሰሶ ላይ ባለችው ሳህን ያመሳክሩ። አሜሪካ ውስጥ የተገጠመች ከሆነች 41869 ብሎ ሲጀምር 4 ዓመቱን፣ 18 ባለ ቪ8 ኢምፓላ መሆኗን፣ 69 ደግሞ ባለ አራት በር ሴዳን መሆኗን ያመለክታል።

ዕቃ ማግኘቱ እንደሚያስፈራው አይደለም። የዚህ ሞተር ቤተሰብ ከ1955 ጀምሮ የተመረተና ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሠራ ስለሆነ ፋሻው፣ ብሮንዚኑ (የዘንጉ ማረፊያ) እና ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ዛሬም ይመረታሉ፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሊይዝልዎት ይችላል። የውሃ ፖምፓ ሲያዙ ግን እስከ 1968 የነበረው አጭሩ ዓይነት መሆኑን ይግለጹ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅሙ አይገጥምልዎትም። ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) በላያቸው ባለው ቁጥር ወይም በልኬት አዲስ አበባ ባለው የመኪና ዕቃ ገበያ ሶማሌ ተራ ይፈለጋሉ፣ ብዙ ጊዜም ይገኛሉ። የሚያስጨንቀው የመብራት መስታወቱ፣ የጎን ጌጡና የፊት መስታወቱ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ዕቃዋ የሚፈታ ሌላ ኢምፓላ ማስገባት የማይታሰብ ስለሆነ፣ የተሰነጠቀም ቢሆን አንዲት ዕቃ እንዳትጣል። ከላሜራ ሥራው በፊት ጌጦቹን ራስዎ ያውልቁ፤ እያንዳንዱን ከነብሎኑ በከረጢት አድርገው፣ የወጣበትን ቦታ ጽፈው ቤት ውስጥ ያስቀምጡ።

የሰበታው መለሰ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ባሉት መሠረት የኋላውን የቀኝ ታምቡር ስከፍት የሲሊንደሩ ጎማ ውስጥ ዘይት ተጠራቅሞ ሸራውንም አርሶት አገኘሁ፤ ፍሬኑን ከሁሉ አስቀድሜ ለመሥራት ወስኛለሁ። የሞተር መለወጡን ሐሳብም ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። እርሳስ የሌለው የዛሬው ቤንዚን የድሮ ሞተር ቫልቭ ይበላል ይባላል፤ እውነት ነው? ዘይቱስ የትኛው ይሻላል?

የዓለም ገናው መካኒክ መለሰ፦

እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የሚያስፈራህን ያህል አይደለም። እርሳሱ የጭስ ማውጫ ቫልቩ በመቀመጫው ላይ ሲያርፍ እንዳይፋጭ ይከላከል ነበር። ጉዳቱ የሚፈጥነው ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነት ወይም ከባድ ጭነት ይዞ በሚነዳ መኪና ላይ ነው። አንተ ረጋ ብለህ ወሊሶ ደርሰህ የምትመለስ ከሆነ ቴስታታውን ለዚህ ሲባል ብቻ አታውርድ፤ የቫልቩን ልክ በየጊዜው አስፈትሽ፣ ቴስታታው በሌላ ምክንያት ሲወርድ ግን ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ አስገባበት። ከእርሳሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ኢታኖል ነው። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘው ኢታኖል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ የተሸጠበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ዘመን የተሠራው የቤንዚን ቱቦና የቤንዚን ፖምፓው ዲያፍራም ደግሞ ኢታኖልን አይችሉም። ሁለቱንም በአዲስ ዓይነት ጎማ ለውጣቸው። ሰልባትዮው ዝገት ከያዘ አውርደህ አሳጥበው፤ በውስጡ የቤንዚን ትነት እያለ ግን ማንም ሰው ብየዳ እንዳያስጠጋበት።

ዘይቱን በሚመለከት ይህ ሞተር ካሙ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ጠፍጣፋ ታፔት የሚገፋ ስለሆነ ዚንክ የበዛበት ዘይት ይፈልጋል። ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች የሚሸጠው ዘይት ዚንኩ ተቀንሷል፤ ለናፍጣ ሞተር የሚሆነው 15 ደብልዩ 40 በየማደያው ስለሚገኝ እርሱን ተጠቀም። ፊልትሮው በብረት ጣሳ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ነው፤ ጣሳው የሚገጥምበትን የድሮውን የጎማ ቀለበት ከጎድጓዱ በመርፌ አውጥተህ አዲሱን አስገባ፤ በሁለት ቀለበት ከተገጠመ ዘይቱን በአንዴ ይተፋዋል። የካምቢዮውን ዘይት ደግሞ የምትለካው ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ መኪናዋ በደልዳላ ቦታ ቆማ ነው። ፍሬኑ ሲያልቅ ካንዴላዎቹን በቁጥራቸው ደርድረህ ፎቶ አንሣና እዚህ ለጥፍልኝ፤ ቀለማቸውን አይቼ የትኛውን ጄት ማዘዝ እንዳለብህ እነግርሃለሁ።