የሐኪሞች ፈቃድ እድሳት፦ የሆስፒታሉን ዝግጁነት በምን እንለካ?

ጥያቄ (ከሞጣ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ የጥራት ክፍል ነው፤ 12 ሐኪሞች አሉን። ፈቃድ ማሳደስ ከሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ጋር ከተያያዘ ወዲህ ሁሉም ሰርተፍኬት ይሰበስባል። ሆስፒታሉ ሐኪሙን ለመደገፍ ምን ያህል እንደተዘጋጀ ግን የለካው የለም። የእንግሊዝን አሠራር የምታውቁ፣ ይህን ዝግጁነት የምንለካበት መጠይቅ ምን ምን ይያዝ? «አለ/የለም» ይበቃል?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)
አይበቃም። መመሪያው መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ ሁሉም «አለ» ነው የሚለው። ከየጥያቄው ጎን የማስረጃ ዓምድ አድርጉ፦ ቃለ ጉባኤ፣ ቀን፣ ፊርማ።

እንግሊዞቹ እድሳቱን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ከመጀመራቸው በፊት ተቋማቱ ራሳቸውን ገምግመዋል። የተጠየቁት በዋናነት ስለ አራት ነገር ነው፦ በኃላፊነት የተመደበ ሐኪም መኖሩ፣ ዓመታዊ የሙያ ግምገማ፣ የክሊኒክ ሥራ መረጃ፣ ሥራው ያሳሰበ ሐኪም የሚታገዝበት ሥርዓት። እድሳቱ በ5 ዓመት አንዴ ነው፤ ሐኪሙ ስድስት ዓይነት ማስረጃ ያቀርባል፦ ሥልጠና፣ የጥራት ማሻሻያ ሥራ፣ ከባድ ክስተቶች፣ የባልደረቦች አስተያየት፣ የታካሚዎች አስተያየት፣ ቅሬታና ምስጋና። ልብ በሉ፣ ሥልጠና ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ያለ ሆስፒታሉ እጅ አይገኙም።

ስለዚህ ሦስት ሐኪሞች በዕጣ ምረጡና ያለፈውን ዓመት ስድስቱንም ለማሰባሰብ ሞክሩ። በአንድ ሳምንት ያልተገኘው የሆስፒታሉ ጉድለት ነው፤ የሐኪሙ አይደለም።

መልስ (ከቡሬ)
ሙከራው ቶሎ የሚሰናከለው መረጃው ላይ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና መረጃ የሚመዘገብበት የኮምፒውተር ሥርዓት) የሆስፒታሉን ድምር እንጂ የእያንዳንዱን ሐኪም ሥራ አይነግርም። ያለው የኦፕሬሽንና የማዋለጃ መዝገብ ነው፤ እዚያም የማይነበብ ፊርማ ብቻ ይሆናል። ስም ከፈቃድ ቁጥር ጋር ይጻፍ፤ ወጪ የለውም።

የዓመታዊ ግምገማውን ሰዓትም አስሉ። ለአንድ ሐኪም ማስረጃ ማንበብ 2 ሰዓት፣ ውይይት 2 ሰዓት ብትይዙ ለ12ቱ በዓመት 48 ሰዓት ነው። ይህ በሥራ መርሐ ግብር ላይ ካልተያዘ ገምጋሚው ከዱቲ (ከተረኝነት) መልስ ነው የሚያነበው።

የታካሚ አስተያየት ደግሞ ማንበብ ለማይችሉም ይድረስ፤ በቃል ጠይቆ የሚሞላው ግን ከሕክምናው ውጭ ያለ ሰው ይሁን።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)
በቡሬው ወንድማችን ላይ ልጨምር፦ ገምጋሚው የሥራ አፈጻጸም ውጤት የሚሞላው አለቃ ከሆነ ሁሉም ይበላሻል። እድገቱን የሚወስን ሰው ፊት ድክመቱን የሚናገር የለም። 12 ሐኪም ባለበት ቤት የባልደረባ አስተያየትም የማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ከቢቸና ወይም ከደጀን ጋር ገምጋሚ ተለዋወጡ።

የእናቶች ሞት ምርመራ ሰነድን በሐኪሙ ፋይል አታያይዙ። ምርመራው ስም አይጠራም፣ ጥፋተኛ አይፈልግም፤ ይህ ከፈረሰ ማንም እውነቱን አይናገርም። ሐኪሙ የተማረውንና የቀየረውን በራሱ ቃል ይጻፍ፣ ያ ይበቃል።

ጠያቂ (ከሞጣ)
እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪሙ ሲዛወርስ?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)
ክሊራንስ ሲጨርስ በገምጋሚው የተፈረመ የየዓመቱ ማጠቃለያ ይያዝ፤ ግልባጩ በእናንተ ዘንድ ይቅር። መጠይቁ ላይ ይህን ጨምሩ፦ ባለፈው ዓመት ከለቀቁት ሐኪሞች ስንቱ ማጠቃለያ ይዞ ወጣ?