በቪትዝ ቴፕ ላይ ከስልክ ሙዚቃ ማጫወት አቃተኝ

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ በፈረንጆቹ 2001 የተሠራች ቶዮታ ቪትዝ ናት። ቴፑ ከጃፓን አብሯት የመጣው ነው፤ ካሴትና ሬዲዮ እንጂ የኦክስ መሰኪያ (ስልክ በሽቦ የሚያያዝበት ቀዳዳ) የለውም።

በመጀመሪያ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ፣ የስልኩን ድምፅ በኤፍኤም ሞገድ ወደ ሬዲዮው የሚልክ ማሰራጫ ገዛሁ። ሬዲዮው በጃፓን ሥርዓት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ይይዛል፤ ማሰራጫው ደግሞ ከ87.5 ነው የሚጀምረው። በዚያች ጠባብ ክፍተት 88.1 ላይ ሳደርገው ሰፈሬ ውስጥ ደህና ይዘፍናል፤ መገናኛ ስደርስ ግን ድምፁ በጩኸት ይዋጣል።

ቀጥዬ በካሴት ቅርጽ የተሠራ፣ ሽቦው ስልክ ላይ የሚሰካ ማገናኛ አስገባሁ። ቴፑ ካሴቱ ያለቀ እየመሰለው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ጎን ይቀያይርና ከደቂቃ በኋላ ይተፋዋል። ከማገናኛው ውስጥ ያሉትን ጥርሶች መፍታት ይኖርብኝ ይሆን?

የጠየቅሁት ባለሙያ «አውጥተህ ጣለውና ስክሪን ግጠም» አለኝ። አልጥለውም! የአባቴ ካሴቶች አንድ ካርቶን ሙሉ አሉኝ፤ ቴፑም አንዱንም አኝኮብኝ አያውቅም።

ከካሴት ማንበቢያው ወደ ማጉያው በሚሄደው መስመር ላይ የኦክስ ሽቦ በጥሶ የቀጠለ አለ? ካሴቱስ ከዚያ በኋላ ይሠራል? ወይስ አንቴናው ላይ የሚገባው፣ ከፍ ያለውን ሞገድ ሬዲዮው ወደሚይዘው የሚያወርደው መቀየሪያ ለማሰራጫው መፍትሔ ይሆነዋል? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።